ቶኪዮ ወቅቶቿን እንዴት ትጠብቃለች?

በገጠር የሚኖር ሰው ወቅት መለወጡን የሚነግረው አያስፈልገውም። ሰማዩና መሬቱ ይነግሩታል። ሲዘራ አንድ ወቅት ነው፤ ሲያርም ሌላ፤ ሲያጭድ ደግሞ ሌላ። በዓሉም ከሥራው ጋር ተያይዞ ይመጣል። በትልቅ ከተማ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። መንገዱ አስፋልት ነው፤ መኖሪያው ፎቅ ላይ ነው፤ ሌሊቱም በመብራት ቀን ይመስላል። ጎረቤት ከጎረቤት ሳይተዋወቅ በአንድ ደረጃ ይወጣል፣ ይወርዳል። ታዲያ እንዲህ ባለ ቦታ የአባቶች ወግ እንዴት ይቆያል? ብዙ ሰው «ምን ይቆያል! ከተማ ወግን ይበላል» ይላል።

ይህ አባባል እውነት ነው ወይስ አይደለም? ለመመርመር እንዲያመቸን ከዓለም ታላላቅ ከተሞች አንዷን እንውሰድ። እሷም የጃፓን ዋና ከተማ ቶኪዮ ናት። በቶኪዮ አስተዳደር ክልል ውስጥ 14 ሚሊዮን ያህል ሰው ይኖራል። ከተማዋ ቀድሞ ኤዶ ትባል ነበር፤ ቶኪዮ የተባለችው በ1868 ነው። በ1923 በመሬት መንቀጥቀጥና ተከትሎ በተነሣው እሳት፣ በ1945 ደግሞ በጦርነት ቦምብ ሰፊ ክፍሏ ነደደ። ሁለት ጊዜ ተቃጥላ ሁለት ጊዜ የተሠራች ከተማ ናት ማለት ነው። ሆኖም ዓመቱን ሙሉ ከበዓል አትለይም። ይህ የሆነበትን ምክንያት ከአንዱ ወቅት ወደ ሌላው እየተሻገርን እንመለከታለን።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶችና ወሮች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ለአንባቢው እንዲቀል ግን አብዛኞቹን የበዓል ቀኖች በእኛ አቆጣጠር ጭምር በቅንፍ አስገብተናል።

የቀን አቆጣጠሩ መለወጥ

ጃፓኖች በጥንት ጊዜ ወራቸውን የሚቆጥሩት በጨረቃ ነበር። መንግሥታቸው ይህን ትቶ የአውሮፓውን አቆጣጠር የያዘው ጃንዩዌሪ 1 ቀን 1873 ነው። ያን ጊዜ አንድ ችግር ተፈጠረ። በዓሎቹ ከጨረቃና ከአየሩ ጠባይ ጋር የተሳሰሩ ነበሩ። ቀኑ ሲዛወር በዓሉ ከወቅቱ ተለያየ።

አንድ ምሳሌ እንስጥ። ታናባታ የሚባል የከዋክብት በዓል አለ። በተረቱ መሠረት በሰማይ ላይ የሚኖሩ ሁለት ፍቅረኞች በዓመት አንድ ቀን ብቻ ይገናኛሉ። ሕፃናትም ምኞታቸውን በወረቀት ጽፈው በቀርከሃ ቅርንጫፍ ላይ ያንጠለጥላሉ። በጥንቱ አቆጣጠር በዓሉ የሚውለው ሰማይ በሚጠራበት ጊዜ ነበር። አሁን በቶኪዮ የሚከበረው ጁላይ 7 ቀን (ሰኔ 30) ነው። ይህ ደግሞ በዚያ አገር ዝናብ የሚበዛበት ጊዜ ነው። ስለሆነም በብዙ ዓመት ከዋክብቱ በደመና ይሸፈናሉ። ሕፃናቱ ግን ወረቀታቸውን ማንጠልጠል አልተዉም። ቀኑ ቢዛወርም ሰው በዓሉን ይዞ ቀረ።

አዲስ ዓመት

የጃፓኖች ትልቁ በዓል አዲስ ዓመት ነው። ጃንዩዌሪ 1 ቀን (ታኅሣሥ 23) ይውላል። ዝግጅቱ የሚጀመረው በዲሴምበር ነው። ቤት ከጣራው እስከ ወለሉ ይጸዳል፤ በደጃፍም ጥድና ቀርከሃ ይቆማል። በዋዜማው ማታ ሶባ የሚባል ቀጭንና ረጅም፣ ፓስታ የሚመስል ምግብ ይበላል። ረጅም መሆኑ የረጅም ዕድሜ ምልክት ነው ይላሉ። ወደ እኩለ ሌሊት ሲቃረብ በቡድሃ ቤተ መቅደሶች ደወል 108 ጊዜ ይመታል። 108 የሆነበት ምክንያት በቡድሃ ትምህርት የሰውን ልብ የሚያስጨንቁ ምኞቶች በዚህ ቁጥር ስለሚቆጠሩ ነው።

በማግስቱ የሚቀርበው ምግብ ኦሴቺ ይባላል። አስቀድሞ ተሠርቶ በሣጥን ውስጥ ይደረደራል። በበዓሉ ቀናት ምድጃውም፣ ወጥ ሠሪዋም እንዲያርፉ ታስቦ ነው። ከምግቦቹ እያንዳንዱ ትርጉም አለው። ጥቁሩ አኩሪ አተር በጤና ለመሥራት፣ የዓሣው እንቁላል ለብዙ ልጆች፣ ጀርባው የጎበጠው የባሕር ሸርጣን መሳይ ደግሞ ጎብጦ እስኪያረጁ ድረስ ለመኖር ነው። ሞቺ የሚባልም አለ። ሩዝ ተቀቅሎ፣ ተወቅጦ እንደ ሊጥ ሲጣበቅ ሞቺ ይሆናል። ይህ ምግብ ጣፋጭ ቢሆንም ጉሮሮ ይዘጋል። በየዓመቱ በሞቺ ታንቀው የሚሞቱ አረጋውያን ስላሉ የቶኪዮ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት «በትንሽ በትንሹ እየቆረጣችሁ ብሉ» ብሎ ያስጠነቅቃል። ይህንንም እያወቀ ሞቺ የሚተው ሰው ጥቂት ነው።

ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ለዓመቱ የመጀመሪያውን ስግደት ለማድረስ ይወጣል። በቶኪዮ ብዙ ሰው የሚሄደው ወደ ሜይጂ መቅደስ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ብቻ የሚመጣው ሰው ወደ 3 ሚሊዮን እንደሚደርስ ይነገራል። መቅደሱ በትልቅ ደን ውስጥ ያለ ስለሆነ የሚያየው ሰው ሁሉ የጥንት ደን ይመስለዋል። ነገር ግን መቅደሱ የተመረቀው በ1920 ነው። ደኑም ከየአገሩ ማዕዘን ሕዝብ በለገሰው 100,000 ያህል ዛፍ፣ በሰው እጅ የተተከለ ነው። ከዚህ የምንማረው አለ። ጥንታዊ የሚመስለን ነገር ሁሉ ጥንታዊ ላይሆን ይችላል። ወግ የሚወረስ ብቻ ሳይሆን የሚተከልም ነው።

ጋኔን ማስወጣትና አሻንጉሊት መደርደር

በፌብሩዋሪ መጀመሪያ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ3ኛው ቀን (ጥር 26)፣ ሴትሱቡን የሚባል በዓል አለ። የብርዱ ወራት ማብቂያ ተብሎ የሚቆጠር ዕለት ነው። ከቤተሰቡ አንዱ የጋኔን ጭምብል ያጠልቃል። ልጆቹ የተቆላ አኩሪ አተር እየወረወሩ ጋኔኑ እንዲወጣ፣ ዕድል እንዲገባ ይጮኻሉ። ከዚያም እያንዳንዱ ሰው በዕድሜው ልክ ቆጥሮ ይበላል። በአሳኩሳ ሰፈር በሚገኘው በሴንሶጂ ቤተ መቅደስ ግን «ጋኔን ውጣ» አይባልም። ለምን ቢሉ፣ በዚያ የምትከበረው ካኖን ባለችበት ጋኔን ከቶ አይገኝም ተብሎ ስለሚታመን ነው።

ማርች 3 ቀን (የካቲት 24) ደግሞ የሴቶች ልጆች ቀን ነው። በቀድሞ ጊዜ የንጉሥና የንግሥት፣ የአሽከሮችና የሙዚቀኞች አሻንጉሊቶች ሰባት ደረጃ ባለው መደብ ላይ ይደረደሩ ነበር። በዛሬው የቶኪዮ ጠባብ ቤት ግን ሰባት ደረጃ የሚዘረጋበት ቦታ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ ንጉሡንና ንግሥቲቱን ብቻ አስቀምጦ ያከብራል። በዓሉ እንዲያልፍ ከማድረግ ይልቅ በዓሉን አሳነሱት።

የአበባው ሳምንት

በማርች መጨረሻ ቶኪዮ በነጭና በሐምራዊ አበባ ትሸፈናለች። አበባው ሳኩራ ይባላል፤ የቼሪ ዛፍ አበባ ነው። ሰዎች ከዛፉ ሥር ጨርቅ አንጥፈው ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይዘፍናሉ። ወደ ኡኤኖ መናፈሻ የሚሄደው ሰው እጅግ ብዙ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ አዲስ የተቀጠረው ወጣት በጠዋት ተልኮ፣ ሸራ አንጥፎ፣ ለባልደረቦቹ ቦታ ይዞ ይጠብቃል።

ይህ ልማድ እንዴት ወደ ተራው ሕዝብ እንደ ደረሰ እንመልከት። በ18ኛው መቶ ዘመን ዮሺሙኔ የተባለው ገዢ አሱካያማ በሚባለው ኮረብታና በሱሚዳ ወንዝ ዳር የቼሪ ዛፎች አስተከለ። ተራው የኤዶ ሰው የሚዝናናበት ቦታ በዚህ አገኘ። ዛሬ በየመንገዱ የምናየው ሶሜይ ዮሺኖ የተባለው ዓይነት ደግሞ በኤዶ አጠገብ በነበረችው በሶሜይ መንደር አትክልተኞች የተስፋፋ ነው። የሚራባው በዘር ሳይሆን ቅርንጫፉን በሌላ ግንድ ላይ በማዳቀል ነው። በመሆኑም ዛፎቹ ሁሉ እንደ አንድ ዛፍ ናቸው። በአንድ አካባቢ ያሉት በአንድ ጊዜ የሚያብቡትና በአንድ ጊዜ የሚረግፉት ስለዚህ ነው። ሙሉ ውበቱ የሚቆየው አንድ ሳምንት ገደማ ብቻ ነው።

የአበባውን መጀመር የሚያውጀው የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ነው። በያሱኩኒ መቅደስ ግቢ የተመረጠ አንድ ዛፍ አለ። ሠራተኛው መጥቶ በዛፉ ላይ አምስት ወይም ስድስት አበባ ፈክቶ ካገኘ «ቶኪዮ አበበች» ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2020 ባለው ጊዜ አማካዩ ቀን ማርች 24 (መጋቢት 15) ነበር። በ2020፣ በ2021 እና በ2023 ግን ማርች 14 ቀን አበበ። የዓለም አየር እየሞቀ መሄዱን የቶኪዮ ሰው ያወቀው በመጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ በዚህ አበባ ጭምር ነው።

በትከሻ የሚዞረው መቅደስ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። በሜይ ወር ሦስተኛው ቅዳሜና እሑድ በአሳኩሳ ሳንጃ የሚባለው በዓል ይከበራል። ታሪኩ እንዲህ ነው። በ628 ሁለት ወንድማማች ዓሣ አጥማጆች በሱሚዳ ወንዝ መረባቸውን ሲጎትቱ የካኖን ምስል አገኙ ይባላል። አንድ የመንደሩ ትልቅ ሰው የምስሉን ክብር ነግሯቸው፣ ቤቱን ቤተ መቅደስ አደረገው። በዓሉ የእነዚህ የሦስቱ ሰዎች መታሰቢያ ነው።

በዕለቱ ሚኮሺ የሚባሉ በወርቅ ያጌጡ ትናንሽ መቅደሶች በትከሻ ይዞራሉ። ዋናዎቹ ሦስት ሲሆኑ እያንዳንዱ አንድ ቶን ገደማ ይመዝናል። ከእነዚህ ሌላ 44 ሰፈሮች የየራሳቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ የሁሉም ድምር ወደ 100 ይደርሳል። ተሸካሚዎቹ የየሰፈራቸው ምልክት ያለበት አጭር ካፖርት ለብሰው፣ በአንድ ድምፅ እየጮኹ፣ እየዘለሉ ይሄዳሉ። ሴቶችም ይሸከማሉ፤ ለሕፃናትም ትንሽ ሚኮሺ አለ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ አንድ ሰው የማያነሣው ክብደት ለሰፈር ሰው ጌጥ ይሆናል።

ይህ ሁሉ በአንድ ቀን የሚሆን አይደለም። ከኋላው የሰፈር ማኅበር አለ። ገንዘብ የሚያሰባስበው፣ መንገድ የሚያስዘጋው፣ ለተሸካሚው ሩዝ የሚጠቀልለው፣ ካፖርቱን አጥቦ ለከርሞ የሚያስቀምጠው ይኸው ማኅበር ነው። በሌላው ጊዜ ደግሞ የቆሻሻ መጣያውን ቦታ ይቆጣጠራል፤ በብርድ ወራት ሌሊት እንጨት እያጋጨ «እሳት ተጠንቀቁ» እያለ ሰፈሩን ይዞራል።

ማኅበሩ ስንት መከራ አልፏል! ማርች 10 ቀን 1945 ሌሊት በአሜሪካ አውሮፕላኖች ድብደባ 100,000 ያህል ሰው ሞተ። የሴንሶጂ ዋናው ሕንፃ ተቃጠለ፤ እንደገና የተሠራው በ1958 ነው። በ2020 ደግሞ የኮሮና ወረርሽኝ መጣ። ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ መሸከም አልተቻለም። በዓሉ ወደ ኦክቶበር ተዛወረ፤ ሚኮሺውም በጭነት መኪና ላይ ተጭኖ ሰፈሮቹን ዞረ። ለዓይን ደስ አይል ይሆናል፤ ቢሆንም ዓመቱ ባዶውን አላለፈም።

ሙታንን መቀበልና ርችት መተኮስ

በሙቀቱ ወራት ኦቦን ይመጣል። የሙታን ነፍስ ወደ ቤቷ የምትመለስበት ጊዜ ነው ተብሎ ይታመናል። በቶኪዮ ከጁላይ 13 እስከ 16 (ከሐምሌ 6 እስከ 9) ይውላል። በአብዛኛው የጃፓን ክፍል ግን በኦገስት ነው። ለምን ተለያየ? በ1873 አቆጣጠሩ ሲለወጥ ዋና ከተማው አዲሱን ቀን ያዘ። ገበሬው ግን በጁላይ የእርሻ ሥራ ስለሚበዛበት በዓሉን አንድ ወር ገፋው። ስለዚህ ከገጠር መጥቶ ቶኪዮ የሚኖር ሰው በጁላይ በሰፈሩ ይጨፍራል፤ በኦገስት ደግሞ ባቡር ተሳፍሮ ወደ አባቱ መቃብር ይሄዳል። ጭፈራው ቀላል ነው። በመሐል ሜዳ የእንጨት ማማ ይቆማል፤ ከበሮ ከላይ ይመታል፤ ሰው ሁሉ ማማውን ከብቦ ይዞራል። እንግዳ ሰው ቢመጣ ከፊቱ ያለውን እያየ ወዲያው ይለምደዋል።

በጁላይ መጨረሻ ቅዳሜ በሱሚዳ ወንዝ ላይ 20,000 ያህል ርችት ይተኮሳል። አጀማመሩ በ1732 በረኃብና በበሽታ ለሞቱት መታሰቢያ እንደ ሆነ ይነገራል። ይህም በዓል የመኪና መንገድ በመጨናነቁ ምክንያት ከ1961 በኋላ ተቋርጦ ነበር። የወንዙ ዳር ሰዎች ግን አልረሱትም፤ በ1978 እንደገና ተጀመረ። ከ2020 እስከ 2022 በወረርሽኙ ምክንያት ቢቀርም በ2023 ተመለሰ።

የማይዘፈንበት ቀን

ሴፕቴምበር 1 ቀን (ነሐሴ 26) ጭፈራ የለም። በ1923 በዚያ ዕለት፣ ለቀትር ሁለት ደቂቃ ያህል ሲቀረው፣ ምድር ተንቀጠቀጠች። ምሳ የሚሠራበት ሰዓት ስለ ነበረ እሳት በየቤቱ ተነሣ። የሞቱትና የደረሱበት ያልታወቀው ሰዎች 105,000 ገደማ ናቸው። ከ1960 ጀምሮ ቀኑ የአደጋ መከላከያ ቀን ተብሎ ተወስኗል። በየትምህርት ቤቱና በየሰፈሩ ሰዎች ውሃ ማቀባበል፣ ቁስለኛ ማንሣት፣ መሸሻ መንገድ መለየት ይለማመዳሉ።

የሰፈር ማኅበር ጥቅሙ በግልጽ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ጃንዩዌሪ 17 ቀን 1995 በኮቤ ከተማና በአካባቢዋ በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ከ6,400 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከፍርስራሽ ተጎትተው ከወጡት ውስጥ አብዛኞቹን ያወጡዋቸው ቤተሰቦቻቸውና ጎረቤቶቻቸው ናቸው። በአዋጂ ደሴት ባለችው በሆኩዳን፣ ሰዎቹ የትኛው ሽማግሌ በየትኛው ክፍል እንደሚተኛ ያውቁ ስለ ነበር በየት በኩል እንደሚቆፍሩ አላወላወሉም። የጎደለውን ሰው ሁሉ በዚያው ቀን ፈልገው ጨረሱ። እንዲህ ያለ ዕውቀት በአደጋው ዕለት አይገኝም። አብሮ በመሸከም፣ አብሮ በመብላት፣ አብሮ በመጨፈር ቀስ በቀስ የሚጠራቀም ነው።

ዓመቱ ሲያልቅ

ኖቬምበር 15 (ኅዳር 6) ሦስት፣ አምስትና ሰባት ዓመት የሞላቸው ሕፃናት አምሮባቸው ለብሰው ወደ መቅደስ ይወሰዳሉ። በዚሁ ወር የዶሮ ቀን በሚባሉት ዕለቶች ነጋዴዎች ከአሳኩሳ ገበያ ያጌጠ የቀርከሃ ቅጠል መሰብሰቢያ ይገዛሉ። ቅጠል እንደሚሰበስብ ሁሉ ዕድልንም ይሰበስባል ብለው ነው። ዋጋው ከተስማማ ሻጭና ገዢ አብረው ያጨበጭባሉ። በዲሴምበር 22 ቀን (ታኅሣሥ 13) አካባቢ፣ ቀኑ እጅግ በሚያጥርበት ጊዜ፣ በሕዝብ መታጠቢያ ቤቶች ሙቅ ውሃ ላይ ዩዙ የሚባል እንደ ሎሚ የሚሸት ፍሬ ይንሳፈፋል።

የሚያሰጋው ነገር

ታዲያ ነገሩ ሁሉ ደህና ነው? አይደለም። ዩዙ የሚንሳፈፍባቸው የቶኪዮ መታጠቢያ ቤቶች በ1968 ከ2,600 በላይ ነበሩ፤ ዛሬ 500 አይሞሉም። በየቤቱ መታጠቢያ ስለ ገባ የሰፈሩ መገናኛ ተዘጋ። የሰፈር ማኅበሮች አባላት እያረጁ ነው። በአዲሱ ፎቅ የሚገባው ወጣት ብዙ ጊዜ አባል አይሆንም። ሚኮሺ አለ፤ ትከሻ ግን የጎደለባቸው ሰፈሮች አሉ። እነሱም ከሌላ ቦታ የሚመጡ የሸክም ወዳጆችን ይቀበላሉ። አንዳንድ ሽማግሌ «የኛን አምላክ እንግዳ ይሸከመዋል?» ብሎ ያጉረመርማል። ሌላው ደግሞ «ከሚቀር እንግዳ ይሸከመው፤ ሲሸከም ይለመዳል» ይላል። እኛ የሁለተኛው ሐሳብ ይሻላል እንላለን። ሁለቱ ዓሣ አጥማጆች ከወንዝ ያወጡትም ምስል እንግዳ ነበር።

እንግዲህ በመጀመሪያ ወዳነሣነው ጥያቄ እንመለስ። ከተማ ወግን ይበላል ወይ? ከቶኪዮ እንደምንረዳው፣ ከተማ ወግን የሚበላው የሚይዘው ሰው ሲጠፋ ነው። ቀኑ ተዛውሯል፣ ቤተ መቅደሱ ተቃጥሏል፣ አሻንጉሊቱ ቀንሷል፣ ርችቱ ተቋርጧል። ይሁን እንጂ ካፖርቱን አጥቦ ለከርሞ የሚያስቀምጥ ሰው እስካለ ድረስ በዓሉ ይመለሳል። በዓሉ በበኩሉ ጎረቤትን ከጎረቤት ያስተዋውቃል። ምድር በተንቀጠቀጠች ቀን በር የሚያንኳኳው ይኸው የተዋወቀ ጎረቤት ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ታናባታ በቶኪዮ ዝናብ በሚበዛበት ጊዜ የዋለው ለምንድን ነው?
2. በአንድ አካባቢ ያሉ የሶሜይ ዮሺኖ ዛፎች በአንድ ጊዜ የሚያብቡት ስለ ምን ነው?
3. የሰፈር ማኅበር ከበዓል ሌላ ምን ሥራ ይሠራል?
4. በሆኩዳን የጎደሉት ሰዎች ቶሎ የተገኙት እንዴት ነው?
5. ሚኮሺውን ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው ቢሸከመው መልካም ነው ትላላችሁ? ምክንያታችሁን ስጡ።